ለንደን ሄዶ ቢግ ቤንን ሳያዩ መምጣት

የአንባቢያችን ደብዳቤ

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

33 ዓመቴ ነው፤ በሒሳብ ሠራተኛነት እተዳደራለሁ። እኔና ከኮሌጅ ጀምሮ የማትለየኝ ጓደኛዬ ሁለት ዓመት እቁብ ጥለን ለንደንን ለማየት ተዘጋጅተናል። ቪዛው ተገኝቷል፣ ትኬቱም ተቆርጧል። በሰኔ አጋማሽ ማክሰኞ ጠዋት ገብተን በሚቀጥለው ሰኞ ማታ እንመለሳለን። የምናርፈው ሌይተንስቶን በሚባል ሰፈር፣ በጓደኛዬ አክስት ቤት ነው።

ጓደኛዬ 16 ቦታ የሰፈረበት ወረቀት አዘጋጅታለች። ቢግ ቤን፣ ቤተ መንግሥቱ፣ የለንደን ግንብ፣ ድልድዩ፣ ትልቁ መሽከርከሪያ (ለንደን አይ)፣ የሰም ሐውልቶቹ (ማዳም ቱሶ)፣ ግሪኒች፣ ምኑ ቅጡ! በቀን ሦስት አራት ቦታ ማለት ነው። እኔ ግን እነዚህን በፎቶ አይቼ ጠግቤያቸዋለሁ። የምመኘው ሰው የሚኖርበትን ከተማ ማየት ነው፤ ገበያ መግባት፣ መናፈሻ ውስጥ መቀመጥ፣ ከመቅደላ የተወሰዱትን ቅርሶቻችንን በዓይኔ ማየት። ጉልበቴም ደረጃ አይወድም።

ይህን ብነግራት ልቧ የሚሰበር ይመስለኛል። ወረቀቱን የጻፈችው በብዙ ጉጉት ነው። እውነቱን ልናገርና እኔም ስመለስ "ለንደን ድረስ ሄደሽ ቢግ ቤንን ሳታዪ መጣሽ?" መባሉን እፈራለሁ። አክስቷ ደግሞ ከአሁኑ "ሐሙስ እነ እገሌ ቤት፣ ቅዳሜ እነ እገሊት ቤት" እያሉ ቀን መቁረጥ ጀምረዋል። በዚያ ላይ የሐዋርያት ጾም ነው። ምን ይሻለኛል?

ሁለት ልብ የሆንኩት

መልስ

ውድ እህቴ፣

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። አሁን ዝም ብትዪ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጉልበትሽ እየጠዘጠዘሽ አራተኛው ሰልፍ ላይ ስትቆሚ ፊትሽም አብሮ ዝም ይላል? አይመስለኝም። የመንገድ ኩርፊያ ደግሞ ከቤት ኩርፊያ ይከፋል፤ መሸሻ የለውም፣ ማታም የምታድሩት አንድ ክፍል ነው። ስለዚህ ሻንጣ ሳይታሰር እዚሁ ተነጋገሩ። ወረቀቱን ግን አትቃወሚው። ጓደኛሽ የደከመችበት ነገር ነውና ከእሱው ጀምሪ።

ቡና አፍሉና ወረቀቱን መሐላችሁ አስቀምጡት። ከእያንዳንዱ ቦታ አጠገብ "ውስጥ" ወይም "ደጅ" ብላችሁ ጻፉ። ውስጥ ማለት ተከፍሎና ተሰልፎ የሚገባበት ነው፤ ደጅ ማለት ቆሞ ወይም በአጠገቡ አልፎ የሚታይ። ይህን ስታደርጉ አብዛኛው ወረቀት ደጅ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ድልድዩን በእግር መሻገር ነው። ቤተ መንግሥቱን ከአጥሩ ማዶ ማየት ነው። ለንደን ላይ ጊዜና ገንዘብ የሚበላው "ውስጥ" ነው፤ የግንቡ መግቢያ ብቻውን ለአንድ ሰው ከ30 ፓውንድ በላይ ነው፣ ሦስት ሰዓትም ይወስዳል። ከዚያ ጓደኛሽን እንዲህ በያት፦ "ከውስጦቹ ሁለቱን ምረጪ፤ ሳላያቸው ብመለስ ይቆጨኛል የምትያቸውን። እኔም ሁለት እመርጣለሁ።" ሁለት ለሁለት ሲሆን ማንም የተሸነፈ አይመስለውም።

ስለ ቢግ ቤን አትስጊ። ቢግ ቤን የማማው ስም አይደለም፤ ውስጡ የተሰቀለው ከ13 ቶን በላይ የሚመዝን ትልቅ ደወል ስም ነው። ማማው ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የሚጠራው ኤልዛቤት ማማ ተብሎ ነው። ድልድዩ ላይ ቆሞ ፎቶ የሚነሣው ሕዝብ ሁሉ ቢግ ቤንን አላየውም፤ ከታደለ ሲደወል ሰምቶታል። ለሚጠይቁሽ ሁሉ "ሰማሁት" ብለሽ መመለስ ትችያለሽ።

ከደጆቹ ጋር የሚያስታርቅሽ ሌላም ነገር አለ፤ የሰኔ ብርሃን። በዚያ ወር ለንደን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ማታ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ቀን ላይ በአስጎብኚ አውቶቡስ የመጣው ሕዝብ ወደ እራቱ ሲበተን የዌስትሚኒስተር ድልድይ ይቀልለታል፣ የምሽቱም ብርሃን ለፎቶ ከቀትሩ ይሻላል። እንግዲህ ታዋቂዎቹን ደጆች ወደ ምሽት ብታዛውሯቸው ቀኑ አንቺ ለምትወጂው ነገር ይተርፋል። ጓደኛሽን የሚያሳምናት ይኸኛው ይመስለኛል፤ ምንም ሳይቀነስባት ፎቶዋ ያምርላታል።

አሁን ወደ ካርታው። የምድር ባቡሩ ካርታ እንደሚያታልል እወቂ። መስመሮቹን ቀጥ አድርጎ ለማሳየት የተሠራ ስለሆነ ርቀትን አይናገርም። ኮቨንት ጋርደንና ሌስተር ስኩዌር ካርታው ላይ እንደማንኛውም ጎረቤት ጣቢያ የተራራቁ ይመስላሉ፤ በመሬት ግን መሐላቸው 300 ሜትር እንኳ አይሞላም። ኮቨንት ጋርደን ላይ ሊፍቱን ጠልቶ በደረጃው የወጣ ሰው ደግሞ 193 ደረጃ ይጠብቀዋል። ጉልበትሽን የምትወጂ ከሆነ ሰልፍ ቢኖርም ሊፍቱን ጠብቂ። ሐምስቴድ የሚባለው ጣቢያ ከሁሉም በላይ ጥልቅ ነው፤ 58 ሜትር ግድም ከመሬት በታች ነው፣ ደረጃውም ከ300 ይበልጣል።

አክስቷ የሚኖሩበት ሰፈር ግን ዕድለኛ አድርጓችኋል። ሌይተንስቶን ያለው በቀዩ መስመር፣ በሴንትራል ላይ ነው፤ ጉዟችሁን ሁሉ በዚህ መስመር ላይ ልትሰቅሉት ትችላላችሁ። ከሁሉም የምወደው ምሥጢር ማይል ኤንድ ጣቢያ ነው። ከሴንትራል ወርደሽ ያንኑ መድረክ ተሻግረሽ አረንጓዴውን ዲስትሪክት መስመር ትይዣለሽ፤ ደረጃ የለም፣ ኮሪደር የለም። ዲስትሪክት ደግሞ ያለ ሌላ ቅያሪ ወደ ታወር ሂል (ግንቡ)፣ ወደ ዌስትሚኒስተርና ወደ ሳውዝ ኬንሲንግተን (ሙዚየሞቹ) ይወስድሻል። ባቡሩም ማቀዝቀዣ አለው። የሴንትራል ባቡሮች በሙቀት ቀን ያፍናሉ፤ ውኃ ያዢ፣ የቧንቧው ውኃ ይጠጣል።

ረቡዕን በሙሉ ለጓደኛሽ ስጫት። ዌስትሚኒስተር ወርዳችሁ ኋይትሆል በሚባለው መንገድ ሽቅብ ስትሄዱ ሆርስ ጋርድስ አለ፤ ከቀትር በፊት 5 ሰዓት ላይ (እሑድ 4 ሰዓት) ፈረሰኞቹ ዘብ ይቀያየራሉ። ሁሉም ሰው የሚጋፋው ቤተ መንግሥቱ አጥር ላይ ላለው የዘብ ቅያሪ ነው፤ እሱ ግን በየቀኑ የለም፣ ካለም አንድ ሰዓት ቀድሞ ያልመጣ ሰው የሚያየው የሰው ጀርባ ነው። ሆርስ ጋርድስ ላይ ትርዒቱ በቅርብ ይታያል። ከዚያ በሴንት ጄምስ ፓርክ ውስጥ አቋርጣችሁ ወደ ቤተ መንግሥቱ አጥር ትወጣላችሁ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ በየጥቂት እርምጃው አግዳሚ ወንበር አለ፣ ኩሬው ላይ ይብራዎች አሉ። አንቺ የምትፈልጊው መናፈሻ ከእሷ ወረቀት ላይ ሁለት ቦታዎችን የሚያገናኝ መንገድ ሆነ ማለት ነው።

ትልቁን መሽከርከሪያ ግን ከ"ውስጥ" ዝርዝር ብታወጡት ደስ ይለኛል። ከፍታው 135 ሜትር ነው። ሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ አጠገብ (ይህም ቀዩ መስመር ላይ ነው) ሆራይዘን 22 የሚባለው የሕንፃ አናት 254 ሜትር ነው፣ በነፃ ያስገባል። የሚያስፈልገው በድረ ገጹ ቀድሞ ቀንና ሰዓት ማስያዝ ብቻ ነው። ስትመዘግቡ ሰዓቱን አስተውሉ፤ የእነሱ 10፡00 የእኛ ጠዋት 4 ሰዓት ነው፣ የእነሱ 4 ሰዓት ደግሞ የእኛ 10 ነው። በችኮላ የተያዘ ቲኬት በዚህ ስንት ጊዜ ይባክናል!

ሐሙስ ጓደኛሽ ግንቡን ከመረጠች ልክ ሲከፈት ግቡ፤ የዘውዶቹ ክፍል ሰልፍ የሚቀልለው ያኔ ነው። ስትወጡ ወደ ምዕራብ አሥር ደቂቃ ያህል ብትሄዱ ሴንት ደንስታን ኢን ዘ ኢስት የሚባል ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ አለ። በ1941 (እ.ኤ.አ.) በጀርመን ቦምብ ተመትቶ ጣሪያው ሄደ፤ ግድግዳዎቹ ቀርተው ውስጡ የአትክልት ቦታ ሆነ። መስኮቶቹን ሐረግ ገብቶባቸዋል። የቢሮ ሠራተኞች ምሳቸውን ይዘው ይቀመጡበታል። እናንተም የጾም ምሳችሁን እዚያው ብሉ።

ስለ ጾሙ፦ ሱቆች ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ምግብ ላይ "ቪጋን" የሚል ካለበት ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም የሌለው ነው። "ቬጂቴሪያን" የሚለው ግን ያሳስታል፤ አይብና እንቁላል ሊኖረው ይችላል። ተጠራጥረሽ እንደሆነ የጀርባውን ጽሑፍ ተመልከቺ፤ ወተትና እንቁላል ካለበት እንደ ሕጋቸው ቃሉ ከሌላው ደምቆ ይጻፋል። በሰው አገር ለእንጀራ ሲሉ ግማሽ ቀን አያጠፉም፤ ያለዚያም አክስት ቤት አለ።

ከግንቡ ወዲያ አንድ ቦታ ልጨምርልሽ፤ ሰው የሚኖርበትን ከተማ ማየት እፈልጋለሁ ስላልሽ። ሴንት ፖል ጣቢያ (አሁንም ቀዩ መስመር) ወርደሽ ሁለት ደቂቃ እንደሄድሽ ፖስትማንስ ፓርክ የምትባል ትንሽዬ የአትክልት ቦታ አለች። በአንድ ከለላ ሥር ግድግዳው ላይ የሸክላ ጽሑፎች ተደርድረዋል፤ ከ1900 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተተከሉ፣ ሌላውን ሰው ሲያድኑ የሞቱ ተራ ሰዎች መታሰቢያ። የግንበኛ ረዳት ልጅ የነበረች አሊስ ኤርስ በ1885 ከሚቃጠል ቤት ሦስት ሕፃናት አውጥታ በራሷ ሕይወት ከፍላለች። ንጉሥ የለበትም፣ ጄኔራል የለበትም። ሩብ ሰዓት ይበቃል። ጓደኛሽ ወረቀት ላይ ባይኖርም ይዘሻት ግቢ።

አሁን ወደ መቅደላ። ይህን ክፍል በእርጋታ አንብቢው፤ ከመነሣትሽ በፊት የሚሠራ ሥራ አለውና። ብዙ ሰው ብሪቲሽ ሙዚየም ገብቶ ታቦታቱን ይፈልጋል። አታገኚያቸውም። 11 ታቦታት እዚያ መኖራቸው የታወቀ ነው፤ ለሕዝብ ግን አይታዩም። ስለዚህ ለእነሱ ብለሽ ቀን አታባክኚ። ልታያቸው የምትችያቸው ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት የሚባለው ሙዚየም (ሰው በአጭሩ ቪ ኤንድ ኤ ይለዋል) የያዛቸውን ነው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከተወሰዱት መካከል የወርቅ ዘውዱና የወርቅ ጽዋው እዚያ ናቸው። ሁለቱንም እቴጌ ምንትዋብ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር አሠርተው ለጎንደር ቁስቋም እንደሰጧቸው ይታመናል።

ሥራው ይኸውልሽ። የሙዚየሙን የስብስብ መፈለጊያ ገጽ ክፈቺና መቅደላን በእንግሊዝኛ ጻፊ። በሁለት አጻጻፍ ሞክሪ፤ በኪው ፊደልም በጂ ፊደልም፣ መዝገቡ ሁለቱንም ይጠቀማልና። "ኢትዮጵያ" ብለሽም ፈልጊ። እያንዳንዱ ዕቃ ገጽ ላይ የት እንዳለ ተጽፏል፦ ለዕይታ ቀርቦ ከሆነ የክፍሉ ቁጥር፣ ካልቀረበ ደግሞ መጋዘን ውስጥ መሆኑ። የክፍሎቹን ቁጥር በወረቀት ገልብጪ። ይህን ያላደረገ ሰው ሙዚየሙ ሰፊ ስለሆነ ግማሽ ቀን ሲዞር ቆይቶ ደክሞት ይወጣል፣ ወይም ዕቃው ለጊዜው ከዕይታ ተነሥቶ ባዶ ሣጥን ያያል።

መጋዘን ማለቱ ደግሞ በር አይዘጋብሽም። ሙዚየሙ በግንቦት 2025 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ስትራትፎርድ አጠገብ ባለው የኦሊምፒክ መናፈሻ ውስጥ ግዙፍ መጋዘኑን ለሕዝብ ከፍቷል፤ ስሙ ቪ ኤንድ ኤ ኢስት ስቶርሃውስ ነው፣ መግቢያው ነፃ ነው። የሚደንቀው፣ ማንኛውም ሰው እዚያ ካሉት ዕቃዎች እስከ አምስት መርጦ "ይቅረብልኝ" ብሎ ማዘዝ ይችላል፤ ሠራተኛ ባለበት በቅርብ ያሳዩታል። ለዚህ አይከፈልም። ግን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። አገሩ ከገባሽ በኋላ ያስታወስሽው እንደሆነ ዘግይተሻል፤ ስለዚህ ዛሬ ማታ ፈልጊው። ዕቃው ገጽ ላይ በስቶርሃውስ እንደሚገኝ ከተጻፈ እዚያው ማዘዣው አለ። ስትራትፎርድ ከሌይተንስቶን ሁለት ጣቢያ ብቻ ነው። ሐሙስና ቅዳሜ እስከ ማታ 4 ሰዓት ክፍት ስለሆነ ከግንቡ ስትመለሱ ልትደርሱበት ትችላላችሁ፤ የዕቃ ማየት ቀጠሮው ግን በሚሰጥሽ ሰዓት ነውና ቀኑን ከዚያ ጋር አስማሚ።

ዋናው ሙዚየም ደግሞ ዓርብ ዓርብ እስከ ማታ 4 ሰዓት ይቆያል። ዘውዱን ለማየት ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ሂዱ፤ የትምህርት ቤት ልጆች ወጥተው ክፍሎቹ ጸጥ ይላሉ። አንድ ነገር ግን አስቢ። ዘውዱ ፊት ስትቆሚ ምን እንደሚሰማሽ አስቀድመሽ አታውቂውም። የሚያኮራው አለ፣ የሚቆጣው አለ፣ ዝም ብሎ የሚያለቅስም አለ። ጓደኛሽ ያኔ ፎቶ ልታነሣሽ ስትል ትቆጪ ይሆናል። "እዚያ ላይ ትንሽ ለብቻዬ እሆናለሁ" ብለሽ አስቀድመሽ ንገሪያት። ሕንፃው መሐል ውኃ ያለበት ግቢ አለ፤ ስትወጪ እዚያ ትቀመጪያለሽ፣ እሷም ትጠብቅሻለች።

ዓርብ ጠዋትን ደግሞ ለየብቻ እንድታሳልፉት እመክራለሁ። እሷ ወደ ሰም ሐውልቶቹ፣ አንቺ ወደ ሆልቦርን። ሆልቦርን (ቀዩ መስመር) ወርደሽ አምስት ደቂቃ ያህል ስትሄጂ ሊንከንስ ኢን ፊልድስ 13 ቁጥር የሰር ጆን ሶን ቤት ሙዚየም አለ። ሰውዬው አርክቴክት ነበር፤ ቤቱ እንደነበረ እንዲጠበቅ በ1833 (እ.ኤ.አ.) በፓርላማ ሕግ አስወጥቶ በ1837 ሞተ። የሦስት መኖሪያ ቤት ስፋት ውስጥ ሥዕል፣ ሐውልት፣ እንዲያውም የግብፁ ፈርዖን የቀዳማዊ ሴቲ የድንጋይ ሬሣ ሣጥን ታጭቋል። ነፃ ነው፣ ቀጠሮ አይፈልግም። ግን ሰኞና ማክሰኞ ዝግ ነው፣ በአንድ ጊዜ የሚገባው ሰውም ውስን ስለሆነ ደጁ ላይ ሰልፍ ይሠራል። ጠዋት 4 ሰዓት ከመከፈቱ ሩብ ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ። መተላለፊያዎቹ ጠባብ ናቸው፤ ትልቅ ቦርሳ አትያዢ። ከዚያ በዚያው መስመር ቦንድ ስትሪት ወርደሽ ዋላስ ኮሌክሽን የሚባለው ሙዚየም በር ላይ ከቀትር 7 ሰዓት ተገናኙ፤ ከሰም ሐውልቶቹም በእግር ይደረሳል። ቀጠሮ ስትይዙ "ጣቢያው ላይ" አትበሉ። አንድ ጣቢያ ብዙ መውጫ አለው፤ አንዷ በአንዱ፣ ሌላዋ በሌላው ቆማችሁ ስትጠባበቁ ስልክም ከመሬት በታች ላይሠራ ይችላል። የሕንፃ በር ነው የቀጠሮ ቦታ።

ቅዳሜ ገበያሽን ታያለሽ። ከስትራትፎርድ ሚልድሜይ የሚባለውን የመሬት ላይ ባቡር ያዙና ዳልስተን ኪንግስላንድ ውረዱ። ከጣቢያው ፊት ለፊት ሪድሊ ሮድ ገበያ ነው፤ እሑድ የለም፣ ቅዳሜ ይደምቃል። የአፍሪካና የካሪቢያን አትክልት፣ ጨርቅ በሜትር፣ በሳህን ተቆልሎ የሚሸጥ ቃሪያና ቲማቲም፤ የሻጭ ጩኸት። አስጎብኚ የማይመጣበት፣ ለንደን ግን ለሳምንቱ የሚሸምትበት ቦታ ነው። ከዚያ በዚያው መስመር፣ በዚያው አቅጣጫ ቀጥሉና ሐምስቴድ ሒዝ ውረዱ፤ ጥልቁ ሐምስቴድ ጣቢያ አይደለም፣ ሌላ ነው። ፓርላማ ሂል የሚባለው ኮረብታ 98 ሜትር ነው፣ ዳገቱ ቀስ ያለ ነው፣ ጫፉ ላይ ከተማው በሙሉ ከነሴንት ፖል ጉልላቱ ይታያል። ጉልበትሽ ከፈቀደ ሜዳውን አቋርጠሽ ኬንውድ ሃውስ ግቢ፤ ሬምብራንት ራሱን የሣለበት ሥዕል በነፃ ይታያል። ካልፈቀደ ሣሩ ላይ ጋቢሽን ዘርግተሽ ተቀመጪ። ቅዳሜና እሑድ ባቡር መስመሮች ለጥገና ይዘጋሉና ጠዋት ሳትወጡ በትራንስፖርት መተግበሪያው ላይ ሚልድሜይ መሥራቱን አረጋግጡ።

መመለሻው ላይ የጓደኛሽ ተራ ይመጣል። ከሜዳው ግርጌ 24 ቁጥር አውቶቡስን ያዙና ፎቅ ላይ፣ ከፊተኛው ወንበር ተቀመጡ። በካምደን፣ በትራፋልጋር አደባባይ፣ በኋይትሆል አድርጎ ፓርላማው ፊት ያደርሳችኋል። ለአስጎብኚ አውቶቡስ የሚከፈለውን ያህል ሳትከፍሉ ብዙውን ታያላችሁ፤ በዚያ ላይ የምሽቱ ብርሃን ያኔ ነው። በሰኔ አንዱ ቅዳሜ ግን የንጉሡ ልደት ሰልፍ አለ፤ በቤተ መንግሥቱና በኋይትሆል ዙሪያ መንገድ ይዘጋል። ከሰልፉ ቀን ጋር ከገጠመባችሁ ወደዚያ አካባቢ ከሰዓት በኋላ እንጂ ጠዋት አትጠጉ። ግሪኒችን ለሌላ ጊዜ ተዉት፤ ለብቻው ቀን የሚፈልግ ቦታ ነው።

አክስትየዋን በተመለከተ፣ የዘመድ ግብዣ ቀኑን በየመሐሉ እየቆረሰ ይበላዋል፤ እንቢ ማለትም ነውር ነው። መፍትሔው ቀድሞ መስጠት ነው። ጓደኛሽ ከአሁኑ ደውላ "እሑድ ሙሉ ቀን የእርስዎ ነን፤ ቅዳሴውም፣ ምሳውም፣ እነ እገሌ ቤት መሄዱም፤ የቀሩትን ቀናት ማታ ማታ እንመጣለን" ትበላቸው። ይህን አንቺ ሳይሆን እሷ ትናገር፤ አክስቷ ናቸውና። ሰዎቹን ሁሉ እሑድ እቤታቸው ቢጠሯቸው ለሳቸውም ይቀላል።

ለመጓጓዣ ኦይስተር ካርድ ከጣቢያው ማሽን ግዙ፣ በጥሬ ገንዘብም ይሞላል። የባንክ ካርድም ይሠራል፤ ግን የሰው አገር ካርድ አንዳንዴ እንቢ ሲል በሩ ላይ ሰልፍ ትይዣለሽ። ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ካርድ ነው፤ በአንድ ካርድ ሁለት ሰው አይገባም። ባቡር ላይ ስትገቢም ስትወጪም ካርዱን ማንበቢያው ላይ ንኪ፤ መውጫውን የረሳ ሰው ከፍተኛው ዋጋ ይቆረጥበታል፣ አንዳንድ ጣቢያ ደግሞ በር ስለሌለው ይረሳል። አውቶቡስ ላይ ስትገቢ ብቻ ነው፣ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፤ መጀመሪያ ከነካሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ አውቶቡስ ብትይዢ አይቆረጥብሽም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባቡር ይወደዳል፣ ይጨናነቃልም፤ ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ውጡ። ከሂትሮ አውሮፕላን ማረፊያ ስትገቡ ሻንጣ ስላለ ኤልዛቤት መስመርን እስከ ቶተንሃም ኮርት ሮድ ያዙ፤ እዚያ በሊፍት ወደ ሴንትራል ትሻገራላችሁ። ፒካዲሊ መስመር ይረክሳል፣ ግን ይዘገያል፣ ሆልቦርን ላይም ሊፍት የለውም።

ሰኞ በረራው ማታ ስለሆነ ጠዋቱ ባዶ ነው። ከሌይተንስቶን ሦስተኛው ጣቢያ ዉድፈርድ ነው። መስመሩ ሌይተንስቶን ላይ ለሁለት ይከፈላልና ፊቱ ላይ "ኤፒንግ" ወይም "ላውተን" የተጻፈበትን ባቡር ያዙ፤ የሌላው ቅርንጫፍ ባቡር ወደ ኒውበሪ ፓርክ ይወስዳችኋል። ዉድፈርድ ግሪን፣ ሃይ ሮድ ዳር፣ በድንጋይ የተቀረጸ ቦምብ በአምድ ላይ ቆሟል። ያስተከለችው ሲልቪያ ፓንክኸርስት ናት፤ ፋሺስቶች አገራችንን በአውሮፕላን ሲደበድቡ በዚያ ሰፈር ተቀምጣ ስለ ኢትዮጵያ ጋዜጣ የምታሳትም የነበረች፣ ኋላም አዲስ አበባ መጥታ የኖረች፣ በ1960 (እ.ኤ.አ.) ሞታ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረች። የመጀመሪያው ሐውልት ተሰርቆ አሁን የቆመው በሐምሌ 1936 (እ.ኤ.አ.) የተመረቀው ነው። ሰልፍ የለም፣ ትኬት የለም፤ መኪኖች በአጠገቡ ያልፋሉ። ከቤት 3 ሰዓት ተኩል ብትወጡ ለምሳ ትመለሳላችሁ። አክስትየዋ ከፈለጉ ይዛችኋቸው ሂዱ፤ በአጠገቡ እየኖሩ አይተውት ላያውቁ ይችላሉ።